የተደፈነ ዛጎል

ኢብራሂም በዚህ ዓለም ላይ እንደ ቀዳዳ የሚጠላው ነገር የለም። ሰው ሲዋሽ ይታገሣል፤ መብራት ሲጠፋ ይታገሣል፤ ባጃጅ በሩ ላይ ተገትሮ መንገድ ሲዘጋበት እንኳ «ይሁን» ብሎ ያልፋል። የሚያፈስ ቧንቧ ሲያይ ግን ደሙ ይፈላል። ሀዋሳ መሃል ከተማ ላይ የቧንቧ ዕቃ መሸጥ ከጀመረ ወዲህ ስሙን የሠራው በዚሁ ጥላቻው ነው። ቤት የሚሠራ ሰው «ከማን ልግዛ?» ብሎ ሲጠይቅ «ከኢብራሂም ግዛ፤ የእሱ ዕቃ አያፈስም» ይባላል። እሱም ይህን ሲሰማ ፊቱን ወደ መደርደሪያው አዙሮ ፈገግ ይላል፤ ደስ ሲለው ሰው እንዲያየው አይወድም።

እንግዲህ የዚህ ሰው ልጅ ናት ቀዳዳ ልታጠና የተነሳችው።

ሰሚራ የመጀመሪያ ልጁ ናት። ዩኒቨርሲቲ ገብታ ባዮሎጂ ተምራ፣ አሁን ደግሞ ለሁለተኛ ዲግሪ ትማራለች። የመመረቂያ ጥናቷን በምን ላይ ልትሠራ እንዳሰበች ስትነግረው ኢብራሂም የቀለደችበት መስሎት ነበር። ጥናቱ ኦክቶፐስና ስኩዊድ ስለሚባሉ፣ እግራቸው ከራሳቸው ላይ ስለሚበቅል የባሕር እንስሳት ነው። እሱም ስለ ዛሬዎቹ ቢሆን ባልከፋ፤ ስለ ጥንት አያቶቻቸው ነው። በዚያ በማይታሰብ ዘመን፣ ምድር ላይ ዛፍ እንኳ ሳይበቅል፣ ዛጎል ተሸክመው ባሕር ሥር ጭቃ ላይ ይድሁ የነበሩ ትንንሽ ፍጥረታት እንዴት አድርገው ከጭቃው ተነስተው ወደ ሰፊው ባሕር እንደወጡ ልታጠና ነው።

«ባሕሩ የት አለ?» አላት።

«የለም።»

«እንስሶቹስ?»

«አልቀዋል አባ። ድንጋይ ሆነዋል።»

«ታዲያ ምኑን ነው የምታጠኚው?»

ድንጋይ ሆነው የተገኙት ዛጎሎች ቅርጻቸው ተለክቶ እንደተጻፈ፣ እሷም በዚያ ልክ ሞዴል እየሠራች ሐይቁ ውስጥ እንደምትሞክረው፣ የትኛው ቅርጽ እንደሚሰምጥ፣ የትኛው እንደሚንሳፈፍ፣ የትኛው ፊቱን አቅንቶ መዋኘት እንደሚችል በዚያ እንደሚታወቅ አስረዳችው። ኢብራሂም ራሱን ነቀነቀ። አልገባውም፤ ግን ልጁ ስትናገር እጇ አያርፍም፣ ዓይኗ ይበራል፤ ያ ለእሱ በቂ ነበር።

ለዶክተር ወልደጻድቅ ግን በቂ አልነበረም። የጥናት ርዕስ የሚያጸድቀውን ኮሚቴ የሚመሩት እሳቸው ናቸው። የሰሚራን ወረቀት አንብበው ሲጨርሱ መነጽራቸውን አወለቁና «ባሕር በሌለበት አገር የባሕር እንስሳ! ይሄ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው» አሉ። ከዚያም በኩሬ የሚረባ ቆሮሶ ዓሣ በምን መኖ ቶሎ ክብደት እንደሚጨምር ብታጠና እንደሚሻላት መከሯት። ሰሚራ ቆሮሶ ትወዳለች፤ ተጠብሶ ሲመጣ። ሁለት ዓመቷን ስትመዝነው ልትኖር ግን አልፈለገችም፤ ያን ቀን ቤት ገብታ አለቀሰች። አማካሪዋ ዶክተር ሰብለ ናቸው ተከራክረው አንድ ዕድል ያስገኙላት። ቅዳሜ ጠዋት ኮሚቴው ሐይቁ ዳር ይመጣል። ሰሚራ አንድ ዛጎል ሠርታ ወደ ታች ሲወርድ፣ ወደ ላይ ሲወጣ ታሳያለች። ከሆነላት ርዕሱ ይጸድቃል። ካልሆነላት ቆሮሶ።

ዛጎሉን የሠራችው ከአባቷ ሱቅ ጓሮ፣ ከአባቷ ቧንቧ ነው። ከሰፊ እስከ ጠባብ ያሉ የፕላስቲክ ቧንቧዎችን ቆርጣ፣ በጥርሳቸው እያጠማዘዘች አንዱን ከሌላው ገጠመች፤ ክንድ የሚያህል፣ አንድ ጫፉ ሾጣጣ የሆነ ነገር ወጣላት። በየመጋጠሚያው ውስጥ ግድግዳ አደረገችበት። ቀይ ቀለም ቀባችው። ኢብራሂም ደንበኛ ሲጠፋ እየሄደ ያያታል።

«ግድግዳው ምን ያደርጋል?» አላት አንድ ቀን።

«እንስሳው ሲያድግ ክፍሉ ይጠበዋል። ከፊት አዲስ ክፍል ይሠራና፣ የኋላውን በግድግዳ ዘግቶ ወደ ፊት ይዛወራል። እንዲህ እያለ ይኖራል።»

ይህ ለኢብራሂም ወዲያው ገባው። ታቦር ሰፈር ያለውን ቤቱን ሲሠራ እሱም መጀመሪያ ከኋላ ሰርቪስ ቤቱን ነው የሠራው። ሰሚራ የተወለደችው እዚያ ነው፤ ትልቁ ቤት ከፊት እስኪያልቅ ድረስ በጠባቧ ክፍል ተጨናንቀው ኖረዋል። «እንደ እኛ ነዋ!» አለ ደስ ብሎት።

«እንደ እኛ። ግን ዋናው ነገር ግድግዳው አይደለም አባ፤ ዋናው ነገር...»

በዚህ መሃል ደንበኛ ተጣራ። የሻወር ራስ ፈላጊ ነው። ኢብራሂም «መጣሁ» ብሎ ሄደ፤ ሲመለስም አልጠየቃትም፤ እሷም አልቀጠለችም። የኋላው ጣጣ ሁሉ የመጣው ከዚህች ሳታልቅ ከቀረች ንግግር ነው።

ቅዳሜ ንጋት ላይ ኢብራሂም ሱብሂ ሰግዶ ሲመለስ ቤቱ ገና ተኝቷል። ቀዩ ዛጎል ሳሎን ጠረጴዛ ላይ ተጋድሟል። ቆሞ አየው። ዛሬ ዶክተሮች ፊት የሚቀርበው ይህ ነው፤ ከእሱ ሱቅ የወጣ ቧንቧ። እስቲ መጋጠሚያው ጠብቆ እንደሆነ ልየው ብሎ ፈታው። ሲፈታው ደነገጠ። በመጀመሪያው ግድግዳ ላይ እርሳስ የሚያሾልክ ቀዳዳ አለ። ሁለተኛውን ፈታ፤ እዚያም አለ። ሦስተኛውም ላይ። እስከ ጅራቱ ድረስ አንድ ጤነኛ ግድግዳ የለም!

አንዱ ላይ ብቻ ቢሆን መሰርሰሪያው አዳልጧት ነው ይባላል። ኢብራሂም ቁጭ ብሎ አሰበ፤ አስቦም ደረሰበት። ስትገጣጥመው በሽቦ ወጥራ ለመያዝ በስታው ይሆናል፤ ከዚያ መድፈኑን ረሳችው። ልጅ ናት፤ ደክሟታል። ከጓዳ የሥራ ዕቃውን አመጣ። በየቀዳዳው ልክ ፕላስቲክ ቆርጦ፣ በማስቲሽ አጣብቆ፣ ዳሩን አስተካክሎ፣ መጋጠሚያውን ሁሉ እንደገና በቴፍሎን ጠቅልሎ አጠበቀው። ሲጨርስ ከፍ አድርጎ አየው። ከእጁ እንደዚያ ያለ ሥራ ወጥቶ አያውቅም። ለሰሚራም ምንም አልነገራትም። አባት እንዲህ ያለውን ነገር አያወራም፤ ዝም ብሎ ያደርገዋል እንጂ።

ያን ቀን ኢብራሂም ቅዳሜን የሚያህል የገበያ ቀን ሱቁን ዘግቶ፣ የኢድ ኮቱን ለብሶ ሐይቁ ዳር አሞራ ገደል ዓሣ ገበያ ተገኘ። ሐይቁ ገና አልነቃም፤ ውሃው ጸጥ ብሏል። ዓሣ አስጋሪዎቹ መረባቸውን እያራገፉ፣ አባ ኮዳ የሚባሉት ረጃጅም ወፎች ራሰ በራቸውን ደፍተው ከዓሣው ትርፍራፊ ድርሻቸውን እየጠበቁ ነው። ዶክተር ወልደጻድቅ ሱፍ ለብሰው መጥተዋል። ዶክተር ሰብለ አሉ፤ አንድ ዝምተኛ መምህርም አብሯቸው አለ። ሁሉም የጀልባ መሳፈሪያው ሳንቃ ላይ ወጡ። ኢብራሂም ከኋላቸው ቆመ።

ሰሚራ ዛጎሉን በገመድ አስራ፣ ከጅራቱ የሚወጣውን ቀጭን ጎማ ይዛ ተንበረከከች።

«አሁን ክፍሎቹ በውሃ ይሞሉና ሥር ያርፋል» አለች፤ ድምጿ ትንሽ ይንቀጠቀጣል። «የመጀመሪያዎቹ እንደዚያ ነበሩ፤ የጣት ጫፍ የሚያህሉ፣ ጭቃ ላይ የሚድሁ። ከዚያ አየር ስሰጠው ይነሳል።»

ለቀቀችው። ዛጎሉ አልሰመጠም። በጀርባው ተገልብጦ እንደ ቡሽ ውሃው ላይ ተንጋለለ። ሰሚራ በእጇ ወደ ታች ተጫነችው፤ ስትለቀው ዘሎ ወጣ። እንደገና ተጫነችው፤ እንደገና ዘሎ ወጣ። ሽው ያለች ነፋስ መጥታ አዙራው ወደ ዳር ወሰደችው፤ እዚያ አንድ አባ ኮዳ ረጋ ብሎ ተራምዶ መጣና በመንቆሩ ቋ አደረገው። ዓሣ ሻጮቹ ሳቁ። ሰሚራ አልሳቀችም፤ ገመዱን ጎተተችና እቅፏ ውስጥ አስገብታ ትመረምረው ጀመር። «ውሃ አላስገባም... ለምንድነው ውሃ ያላስገባው? ቀዳዳዎቹ...»

ዶክተር ወልደጻድቅ በረጅሙ ተነፈሱ። ክፉ ሰው አይደሉም፤ የሚቸኩሉ ሰው ናቸው። «ሰሚራ፣ ፕላስቲክ እንደሚንሳፈፍ ለማወቅ ኮሚቴ መሰብሰብ የለበትም። ይሄንን የቧንቧ ነጋዴም ያውቀዋል» አሉ።

የቧንቧ ነጋዴው ከኋላቸው ቆሟል። «ቀዳዳዎቹ» የምትለዋን ቃል ሲሰማ ያደረገው ነገር ገባው። ያላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል የሚለውን ተረት ኢብራሂም ስንቱ ላይ ተርቶታል፤ ዛሬ እሱኑ ፈልጎ መጣ። ጉንጩ ጋለ። ቀስ ብሎ ወደ ኋላ ቢያፈገፍግ፣ ባጃጅ ይዞ ወደ ሱቁ ቢሄድ ማንም አያውቅም ነበር። አስቦታልም። አንድ እግሩን ሳንቃው ላይ ወደ ኋላ አንስቶ ነበር። ልጁ ግን የገዛ ሥራዋን ሌላ ሰው የሠራው ይመስል እያገላበጠች፣ ጥፋቱን ራሷ ላይ ትፈልጋለች። ይህን ማየት አቃተው።

«እኔ ነኝ» አለ። ሁሉም ዞሩ። «አባቷ ነኝ። ቀዳዳውን ዛሬ ጠዋት የደፈንኩት እኔ ነኝ። ረስታው መስሎኝ ነው። ጥፋቱ የእሷ አይደለም።»

ሰሚራ ቀና ብላ አየችው። «ሁሉንም?»

«ሁሉንም።»

«በደንብ?»

«ልጄ፣ እኔ ነኝ የደፈንኩት» አለ ኢብራሂም በሐዘን።

ዝምተኛው መምህር ሳቁ አመለጠው። ዶክተር ወልደጻድቅ ሰዓታቸውን አዩ። ይሄኔ ዶክተር ሰብለ ጠጋ ብለው «ዶክተር፣ ቁርስ በልተዋል?» አሏቸው።

«የት በላሁ።»

«እንግዲያው ትኩስ ዓሣ እንብላ። አባትና ልጅ ያበላሹትን ያቃኑ።»

የተጠበሰው ዓሣ ሽታ ዶክተር ሰብለን አገዛቸው። «ዓሣችንን እስክንጨርስ ነው» አሉ ዶክተር ወልደጻድቅ። «ከዚያ በኋላ ስብሰባ አለብኝ።»

መሰርሰሪያው ሱቅ ነው፤ ሄዶ እስኪመለስ ዓሣው ያልቃል። ኢብራሂም ዙሪያውን ቃኘና ዓሣ ጠባሿን አለምነሽን አያት፤ ምድጃዋ እየተንቦገቦገ ነው። ከኪሱ የማትለየውን ፒንሳ አወጣ። ከመደቧ ሳንቃ ላይ አንድ ረጅም ሚስማር ነቅሎ እሳቱ ውስጥ ከተተ።

«ጋሼ፣ መደቤን ሊያፈርሱት ነው?» አለች አለምነሽ።

«እመልስልሻለሁ፣ በአላህ። የልጄ ነገር ነው።»

አለምነሽ ሰሚራን አየቻትና ድስቷን አስጠግታ ለሚስማሩ ቦታ ለቀቀች።

ሰሚራ ክፍሎቹን እየፈታች ታቀብላለች፤ አታየውም። የመጀመሪያውን ግድግዳ ስትሰጠው «ለምን አልጠየቁኝም?» አለች።

«እንዳታፍሪ ብዬ ነው።»

«እኔ እንዳላፍር ነው ወይስ እርስዎ?»

ኢብራሂም ሚስማሩን አገላበጠ። «እኔ» አለ በመጨረሻ። «የኢብራሂም ቧንቧ ዶክተሮች ፊት አፈሰሰ እንዳይባል።»

ሰሚራ ይህን አልጠበቀችም። የተቆጣ ፊቷ እንዳለ ሆኖ ትከሻዋ ረገብ አለ። ሚስማሩ ቀላ። ኢብራሂም በፒንሳው ያዘው፤ ግድግዳው ላይ ግን ማሳረፍ አቃተው። እጁ እምቢ አለው። ያን የመሰለ ሥራ!

«ያኔ ሱቅ ውስጥ ልትነግሪኝ የነበረው» አላት፤ «ዋናው ነገር ግድግዳው አይደለም ያልሽኝ። ዋናው ምንድነው?»

«ቀዳዳው ነዋ» አለች። ከዚያ ሳታስበው እጇ መናገር ጀመረ። «በግድግዳዎቹ ሁሉ ውስጥ ቀጭን የሥጋ ቱቦ ያልፋል። እንስሳው ከፊተኛው ክፍል ተቀምጦ፣ በዚያ ቱቦ ከኋላ ክፍሎቹ ውሃውን ቀስ እያለ ይመጥጣል። በውሃው ቦታ አየር ይተካል። ዛጎሉ ሲቀልለት ከጭቃው ይነሳል። መጀመሪያ መዋኘት አልቻሉም፤ መጀመሪያ የቻሉት መቅለል ነው።»

«ቀዳዳው ባይኖርስ?»

«ከዘጋው ክፍል ጋር ተቆራረጠ ማለት ነው። መውረድም መውጣትም በእጁ አይሆንም። ሲሞት ባዶ ዛጎሉ ነው ዝም ብሎ የሚንሳፈፈው፤ ነፋስ ወደ ወሰደው ይሄዳል። ቅድም እንዳየነው።»

«ገድዬዋለሁ በይኛ።»

ሰሚራ ሳትፈልግ ፈገግ አለች።

«ተነስቶስ ወዴት ሄደ?»

«ወደ ሰፊው ባሕር። እዚያ ላይ ያኔ ትልቅ አዳኝ አልነበረም፤ ባዶ ነበር አባ። የጣት ጫፍ የምታህለዋ ፍጥረት ዘሮቿ ከብዙ ብዙ ዘመን በኋላ ከሰው ቁመት በለጡ።»

«የት ጋ ነው የምበሳው?» አለ ኢብራሂም።

በጣቷ አሳየችው። ሚስማሩን አሳረፈው። ጭስ ወጣ፤ ፕላስቲኩ ተንጫጫና ሚስማሩ ማዶ ሾለከ። ኢብራሂም ጥርስ የተነቀለ ሰው መሰለ። «ትንሽ ይስፋ» አለችው፤ አሰፋው። ሁለተኛው ቀለል አለው። ከዚያ በኋላ እሷ ሳትናገር ቦታውን ራሱ እየፈለገ፣ ልኩን ራሱ እያየ በሳው። አለምነሽ «ዓሣዬ ላስቲክ ላስቲክ ሊሸት ነው» እያለች ብታጉረመርምም፣ ሚስማሩ ሲቀዘቅዝ እሳቱን ታራግብለት ነበር።

ዶክተር ወልደጻድቅ ጣታቸውን በሎሚ እያጸዱ ሲመለሱ ዛጎሉ ተገጥሟል። ሰሚራ ገመዱን ለአባቷ ሰጠችው። ጎማውን ከብስክሌት መንፊያ ጋር አገናኘችና ዛጎሉን ውሃው ላይ አሳረፈችው። ተንቦጫረቀ፤ አረፋ ተፋ፤ ጠጣ፤ ሰመጠ። የኢብራሂም ልብ አብሮ ሰመጠ፤ ዕድሜ ልኩን ሲፈራው የኖረው ነገር ዓይኑ እያየ ሆነ። ቀዩ ነገር ጭቃው ላይ ደብዘዝ ብሎ ይታያል። ሰሚራ መንፋት ጀመረች። ከዛጎሉ አፍ ውሃ እየወጣ ጭቃውን አቦነነው። ጅራቱ ነቃ አለ። ከዚያ ቀጥ ብሎ ተነሳና ጅራቱን ሰቅሎ፣ አፉን ጭቃ ውስጥ ደፍቶ ቆመ።

«ተነሳ!» አሉ ዶክተር ሰብለ።

«ተዘቅዝቆ ነው እንጂ» አሉ ዶክተር ወልደጻድቅ፤ ግን ጎንበስ ብለዋል። «በዚህ ዓይነት ወዴት ይዋኛል?»

«ትክክል ነው። ቀጥ ያለ ዛጎል የነበራቸው ሁሉ ይሄ ችግር ነበረባቸው» አለች ሰሚራ፤ አሁን ድምጿ አይንቀጠቀጥም። ዛጎሉን ጎትታ አወጣችው። «አንዳንዶቹ ከኋላ ክፍላቸው ውስጥ እንደ ድንጋይ ያለ ክብደት እያስቀመጡ ሚዛናቸውን ጠበቁ። ሁሉም ባይሆኑም። የእኔ ጥናት የትኛው ቅርጽ ስንት ክብደት ይፈልግ እንደነበር ነው።» የጅራቱን ክዳን ፈትታ ብሎኖች ጨመረችበትና እንደገና ወደ ውሃው ለቀቀችው።

ሰመጠ። ተነፋ። ተነሳ። አሁን ጅራቱም አፉም እኩል ሆነው፣ ከሥሩም ከላዩም ርቆ ውሃው መሃል ላይ ቆመ።

«ገመዱ ይሆን የያዘው?» አሉ ዶክተር ወልደጻድቅ ቀስ ብለው፤ ለማሸነፍ ሳይሆን ለማወቅ።

ሰሚራ መንፊያውን ነቅላ የጎማውን ጫፍ ዘጋችና ውሃው ውስጥ ጣለችው። የቀረው አባቷ እጅ ላይ ያለው ገመድ ብቻ ነው።

«አባ፣ ይልቀቁት።»

ኢብራሂም ገመዱን ጨበጠ። ከሳንቃው ማዶ ሐይቁ ይጠልቃል። «ከሄደስ?»

«ይሂድ። ሌላ እንሠራለን።»

እንሠራለን ነው ያለችው። ኢብራሂም ጣቶቹን አንድ በአንድ ፈታ። ገመዱ ሳንቃው ላይ ተንሸራቶ ውሃው ውስጥ ገባ። ዛጎሉ አልወደቀም፤ አልወጣምም። ባለበት ቆየ፤ ከዚያ ከሥር የምትሄድ ረጋ ያለች የውሃ ጅረት አገኘችውና ፊቱን ወደ ሐይቁ መሃል እንዳደረገ ይዛው መሄድ ጀመረች።

ዶክተር ወልደጻድቅ በሱፋቸው ሳንቃው ላይ ተንበርክከው ያያሉ። ከዓሣ ሻጮቹም የሚስቅ የለም። «ዶክተር ሰብለ» አሉ ዞር ሳይሉ፤ «ቆሮሶውን ለሌላ ተማሪ ስጡት።»

ሰሚራ ጮኸች። ዶክተር ሰብለን አቀፈች፤ ከዚያ ሮጣ መጥታ የአባቷን ክንድ ያዘች። «አባ! ጸደቀ እኮ! ሰሙ?»

ኢብራሂም ባዶ እጁን እንደዘረጋ፣ ዓይኑን ከውሃው አላነሳም።

«ዝም በይ» አላት፤ «እየሄደ ነው።»